ከጆሮዬ ጀርባ የቀረችው ፒያሳ

አክስቴ ዕድሜ ልኳን የኖረችው ዶሮ ማነቂያ ነው። ነበር ማለቴ ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ሰፈሩ ፈረሰ፤ እሷም ዕቃዋን አስጭና ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች። አራተኛ ፎቅ። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን፣ ውኃ ሲመጣ መብራት መጥፋት። ደግነቱ ቡናዋ አልተቀየረም።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ሄጄ ሁለተኛውን እየጠጣን ሳለ፣ «አንተ ልጅ፣ ፎቶ ስታነሳ አይደል የምትውለው? የቤቴ ፎቶ አይጠፋህም» አለችኝ። «በሩ ብቻ ቢሆንም ይበቃኛል። ያ አረንጓዴው የቆርቆሮ በር።»

«ሞልቶ!» አልኳት። በሙሉ ልብ ነው ያልኩት። እዚያ ቤት ስንት ፋሲካና ስንት ዘመን መለወጫ አሳልፌያለሁ! ስልኬን አወጣሁና ወደ ኋላ መሄድ ጀመርኩ።

ስልኬ ውስጥ ከ4,000 በላይ ፎቶ አለ። እናንተዬ፣ ምን ምን እንዳለ ልንገራችሁ። አረፋው ላይ ልብ የተሳለበት ማኪያቶ አለ፤ ብዙ ማኪያቶ። አዲስ ጫማ አለ። ከጓደኛ የተነሳ የፈተና ማስታወሻ አለ። የባንክ ደረሰኝ አለ። ከዚያ እኔ አለሁ። እኔ በመነጽር፣ እኔ ያለ መነጽር፣ እኔ ወደ ሩቅ እያየሁ (ምን እያየሁ እንደነበር ዛሬም አላውቅም)። የአክስቴ በር ግን የለም።

ግማሽ ሰዓት ፈልጌ አንድ አገኘሁ። የ2013 የፋሲካ ዕለት ደጃፏ ላይ ቆሜ፣ በነጭ የባህል ልብስ፣ ጥርሴን አሳይቼ። ስልኬ ደግሞ «ፖርትሬት» የሚሉት ነገር አለው፤ ሰውየውን አጥርቶ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያደበዝዛል። ስገዛው ሻጩ በተለይ ያሞገሰልኝ ይህንኑ ችሎታውን ነበር። እናም ከግራ ጆሮዬ ጀርባ አንድ አረንጓዴ ጭጋግ ይታያል። በሩ እሱ ነው።

አክስቴ ስልኩን ተቀብላ በሁለት ጣቷ ፎቶውን አሰፋችው። እኔን አላየችኝም። ጆሮዬን አልፋ ጭጋጉን አየችው፤ ብዙ አየችው።

«ጥሩ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ «አንተ ባትጋርደው።»

የጋረድነው ከተማ

ይችን ቃል ይዤ ከመጣሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የእኔ ብቻ መስሎኝ ጓደኞቼን ጠየቅኩ። አንዷ ካዛንቺስ ተወልዳ ያደገች ናት፤ የእሷም ሰፈር በ2017 ተራው ደርሶት ፈርሷል። ያላት የሰፈር ፎቶ ሁሉ የልደት ቀን ፎቶ ነው። ኬክ አለ፣ ሻማ አለ፣ ካዛንቺስ የለም። ሌላው ለዓመታት በየቀኑ ያለፈበትን መንገድ አንድም ቀን አላነሳም። «ለምን አነሳዋለሁ? በየቀኑ አየው የለም እንዴ?» አለኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት እንዲህ ነው።

አትሳሳቱብኝ፣ ራስን ማንሳት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ወላጆቻችንም ያደርጉት ነበር። የእናቴን አልበም ስገልጥ በ1970ዎቹ ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችው አለ። ከኋላዋ በቀለም የተሳለ ፏፏቴና የፈረንጅ አገር የሚመስል ቤተ መንግሥት አለ። ከፎቶ ቤቱ ውጪ የነበረው መንገድ፣ ጋሪው፣ የሱቁ ጽሑፍ፣ እሷ በእግሯ የመጣችበት አዲስ አበባ ግን በፎቶው ውስጥ የለም። እሷ የተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆመች፤ እኔ ደግሞ እውነተኛ ከተማ ፊት ቆሜ ከተማውን አደበዘዝኩት። ማን ይብሳል? እሷስ ፊልም ውድ ነበር፤ በዓመት አንዴ ብትነሳ ነው። እኔ በቀን መቶ ማንሳት እየቻልኩ ነው በሩን ያጣሁት።

የድሮዋን አዲስ አበባ የምናውቃት በማን ዓይን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ባለውለታችን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ነው፤ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ይዘው ቀጠሉ። የቀረውን አብዛኛውን ያነሱልን መንገደኞች፣ ዲፕሎማቶችና ሚስዮናውያን ናቸው። ስለዚህ ከዘመኑ ያለን የንጉሥ ፎቶ፣ የመኳንንት ፎቶ፣ የሰልፍ ፎቶ ነው። የተራ ሰው በር ማን ያንሳ? «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚባለው የፎቶ መጽሐፍ ሲወጣ ሰው የወደደው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ወጣቶች ከየቤቱ አልበም የተራውን ሰው ፎቶ ለቅመው ሰበሰቡት፤ ስናየው የራሳችንን አጎቶችና አክስቶች አየን። የእኛን ዘመን የሚሰበስብ ሰው ነገ ቢመጣ ምን ያገኛል? ማኪያቶ!

«ለበረንዳ?»

ጥፋቱ ሁሉ የእኛ የራስ ወዳዶቹ ብቻ ነው ብል ግን እዋሻለሁ። በዚህች ከተማ ካሜራ ይዞ መቆም ጀግንነት ይጠይቃል።

ከዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት አራዳ አካባቢ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት አየሁ። የበረንዳው ፍልፍል ሥራ የዳንቴል ጥልፍ ይመስላል። ከመንገዱ ማዶ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ እኔ ግን ጀርባዬን ለመሥሪያ ቤቱ ሰጥቼ ነው የቆምኩት። አንድ ሁለት እንዳነሳሁ ጥበቃው መጡ።

«አንተ! ምንድን ነው የምታነሳው?»

«ያንን በረንዳ ነው ጋሼ።»

«ለምን?»

«ስለሚያምር።»

ዞር ብለው አዩት። «ምኑ ነው የሚያምረው? አሮጌ እኮ ነው!»

«አሮጌ ስለሆነ ነው የሚያምረው።»

ይሄን ባልል ይሻለኝ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተጠርጣሪ ሆንኩ። «ፈቃድ አለህ?»

«ለበረንዳ?»

«ደብዳቤ አምጣ። ካልሆነ አጥፋው።»

ፊታቸው ቆሜ አጠፋሁት። በዚያው ቅጽበት ሁለት ፈረንጆች ክንድ የሚያህል ሌንስ ይዘው መጡ። ያንኑ በረንዳ ከላይ አነሱት፣ ከታች አነሱት፣ ጋሼንም ጨምረው አነሱ። ጋሼ ፈገግ ብለው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ፈረንጆቹ ሲሄዱ፣ «እነሱስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እነሱ እንግዶች ናቸዋ!»

ነገሩ አስቆኝ ነበር፤ ቆይቶ ግን አመመኝ። እንግዳው ያነሳል፣ ባለቤቱ ደብዳቤ ያመጣል። ጋሼን አልወቅስም፤ እሳቸው የታዘዙትን ነው የሠሩት፣ ምናልባትም ያልታዘዙትን ለጥንቃቄ ጨምረው። ወታደራዊ ሥፍራ አይነሳ፣ ይገባኛል። ቤተ መንግሥት ፊት ካሜራ አልደቅንም። ግን ምንም ምልክት ያልተሰቀለበት መንገድ ላይ ቆሞ የግለሰብ በረንዳ ማንሳት ምን ያስፈራል? እኛ አገር «ክልክል ነው» የሚባል ነገር አለ፤ «ለምን?» ሲሉት መልስ የለውም፤ «የት ተጻፈ?» ሲሉትም ወረቀት የለውም። እንዲያም ሆኖ ይሠራል። የሚሠራው ደግሞ እኛ ገና ሳንጠየቅ ካሜራችንን ኪሳችን ስለምንከት ነው።

(የበረንዳው ነገር እንዳይረሳኝ። ስልክ የሰረዛችሁትን ፎቶ ለ30 ቀን ያህል ደብቆ ያቆያል። ጋሼ ይህን አያውቁም ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ መለስኩት። በረንዳው ዛሬ የለም፤ ፎቶው አለ። ከ4,000 ፎቶ ውስጥ እንደ ዕቃ የምቆጥረው እሱን ነው።)

ቅዳሜና እሑድ ወዴት?

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ቅዳሜን ከካፌ እናውጣት። ካሜራ የሌለው ስልኩ ይበቃዋል። አንድ ሰፈር፣ አንድ ኮረብታ፣ አንድ ወንዝ መርጠን እንውጣ፤ ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ እንቁም።

ሐውልቱስ አይጠፋም፣ እሱን ሌላ ቀን እናነሳዋለን የሚል ካለ ታሪክ ያንብብ። በ1923 ዓ.ም. ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የቆመውን የአፄ ምኒልክን ሐውልት ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ ነቅሎ ቀብሮት ነበር። ለገሃር የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ጭኖ ሮም ወስዶታል። ሁለቱም ተመልሰው ቆሙ፤ ግን ነሐስና ድንጋይ እንኳ መንገድ እንደሚወጣ እወቁልኝ። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል ጃዛምባም አብሮ ነደደ። እዚያ ስንት ማታ አምሽተናል! የዘፋኙ ፎቶ አለን፣ የጠረጴዛው ፎቶ አለን፤ የአዳራሹ ጣሪያ ምን ይመስል እንደነበር ግን ዛሬ ሦስት ጓደኛሞች ተቀምጠን እንጨቃጨቃለን።

እንጦጦን ውሰዱ። በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ ተከፈተ፤ አሁን አስፋልቱ፣ ካፌው፣ ብስክሌቱ አለ፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ከዚያ በፊት የነበረውን እንጦጦ የሚያስታውስ ያስታውሳል፦ በባሕር ዛፉ መካከል የሚሾልከውን ቀይ የእግር መንገድ፣ ከራሳቸው ቁመት የሚረዝም ጭራሮ ተሸክመው በንጋት የሚወርዱትን እናቶች። አሥር ጊዜ ወጥቻለሁ። ያነሳሁት ከተማዋን ከላይ ነው፤ ያውም እኔ ፊት ቆሜ።

አራዊትም አሉ። ሳፋሪ ማለት ኬንያ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከጣሪያችሁ በላይ የሚያንዣብበው፣ ሥጋ ቤት ደጃፍ ከሰው እጅ ቁራጭ የሚነጥቀው ጭልፊትስ? ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ መንቆሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው ቁራስ? ይሄ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ አይገኝም። ወፍ ተመልካቾች እሱን ለማየት ውቅያኖስ አቋርጠው ይመጣሉ፤ እኛ ድንጋይ እንወረውርበታለን። ወደ ምዕራብ ወጣ ካላችሁ መናገሻ ሱባ አለ። ጽዱን በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስተከሉት ይባላል። እዚያ ጥቁርና ነጭ ካባዋን የለበሰች ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል ታያላችሁ፤ ዕድል ከቀናችሁ የምኒልክ ድኩላም ብቅ ይላል። ዕድል የሚቀናው ግን ስፒከር ላልያዘ ሰው ነው።

ይሄን ከራሴ ነው የተማርኩት። በ2009 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ሆነን ሚኒባስ ተከራይተን ደብረ ሊባኖስ ሄድን፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «የፖርቹጋሎች ድልድይ» የሚሉትን የድንጋይ ድልድይ አየን (ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ያሠሩት ራስ ዳርጌ ናቸው ይባላል)። ገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ መንጋ ሣር ይነጫል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ቀለቡም ሣር ነው። ይህን የማያውቅ አንድ ጓደኛችን ግን ብስኩት እየወረወረ «ና! ና!» ይላል። አብሮ ለመነሳት መሆኑ ነው። አንዱ ጭላዳ መጣና ፓኬቱን በሙሉ ነጥቆት ሄደ። ሳቅን፣ ጮህን፣ ዘለልን፣ ስንዘል ተነሳን። 300 የሚሆን ፎቶ ይዘን ተመለስን።

ከአሥራ ሁለታችን አንዷ ግን ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብላ ተቀመጠች። መንጋው መጀመሪያ ሸሻት፣ ከዚያ ረሳት። አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ጎፈሩን ነፋስ እየበተነው፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት በፀሐይ እየበራ፣ ከኋላው ገደሉ ወደ ታች እየጠለቀ ሳለ ወደ እሷ ዞሮ አያት። አንድ ጊዜ አነሳችው። ከዚያ ጉዞ የቀረን ፎቶ ያ ነው። የእኛ 300ው የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

ዛሬ በዚያ መንገድ እንደ ያኔው እየዘፈኑ መሄድ የለም። ባለፉት ዓመታት በጎጃም መስመር መንገደኛ ሲታገት ሰምተናል፤ እኔ አሁን ሳልጠይቅ ከከተማ አልወጣም፣ እናንተም ጠይቁ። ጭላዳው ግን ምናልባት ዛሬም እዚያው አፋፍ ላይ ሣሩን እየነጨ ይሆናል። አንድ ነገር ለመጥፋት የግድ በግሬደር መፍረስ የለበትም ማለት ነው፤ መንገዱ ሲዘጋም ይጠፋል። የዚያን ቀን ማየት ስችል አለማየቴ ይቆጨኛል።

«ፎቶ ቤት ይመልሳል?»

ይሄን ጽሑፍ ላስነበብኩት አንድ ወዳጄ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ የፒያሳን በረንዳ ታደንቃለህ። ስንት ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት ይጠቀም እንደነበር ፎቶው ያሳያል?» እውነቱን ነው። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ክረምት ሲገባ አክስቴ ራሷ ሳፋ ደርድራ ታድር ነበር። የፈረሰው ሁሉ ገነት ነበር የሚል ሰው እዚያ አልኖረም። አዲሱ መንገድ ሰፊ መሆኑን፣ ማታ መብራቱ ማማሩንም አልክድም። መፍረስ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ሌላ ትልቅ ክርክር ነው፤ ፎቶም ግሬደር አያስቆምም።

ግን ለዚህ ነው እኮ መነሳት ያለበት! ሽንት ቤቱም ይነሳ። የተጣመመው የመብራት እንጨት፣ የጉሊቱ ጥላ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ሁሉ ይነሳ። ያኔ ነገ «ገነት ነበር» የሚለውም «ቆሻሻ ነበር» የሚለውም ማስረጃው ፊቱ ይቀመጥለታል። ፎቶ ከሌለ ግን የሚቀረው ጮክ ብሎ የተናገረው ሰው ወሬ ነው።

ሰውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራ ይዘናል ብለን ፈረንጅ አንሁን። ጉሊት የተቀመጡ እናትን ከሩቅ አጮልቆ ማንሳት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ምጽዋት የሚጠይቁትን ሰዎች «ጥሩ ምስል» ማድረግ ነውር ነው። «እማማ፣ ላንሳዎት?» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? እምቢ ካሉ እምቢ ነው። እሺ ካሉ ደግሞ አሳጥቦ ወስዶ መስጠት ነው። ሰፈሩም ከዚያ በኋላ «ማን ነው ይሄ?» ማለቱን ትቶ «ያ ፎቶ የሚያመጣው ልጅ» ይላችኋል። ከደብዳቤ የሚበልጥ ፈቃድ ይሄ ነው።

ሦስት ነገር ብቻ

ባለሙያ ስላልሆንኩ ስለ ሌንስ አልሰብክም። በስንት ስህተት የተማርኩትን ሦስት ነገር ልንገርና ላብቃ።

አንደኛ፣ በጠዋት ውጡ። እዚህ አገር ፀሐይ ቸኩላ ትወጣለች፤ 3 ሰዓት ካለፈ አናት ላይ ቆማ የሰውን ዓይን ሁሉ ጉድጓድ ታስመስላለች። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ብርሃን ግን ቆርቆሮውን ወርቅ ያደርገዋል፤ ጥበቃዎችም በዚያ ሰዓት ሻይ ላይ ናቸው። መስከረም ላይ ከሆነ አደይ አበባ አለ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ!

ሁለተኛ፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉበት። «ቆንጆ ቀን» ብላችሁ አትለጥፉ። «ከጊዮርጊስ ወደ ታች፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ጥቅምት 2018» በሉ። ያለ ስምና ያለ ቀን የተቀመጠ ፎቶ ከሃያ ዓመት በኋላ እንቆቅልሽ ነው።

ሦስተኛ፣ ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡ። ስልክ ታክሲ ውስጥ ይቀራል፣ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ይሰረቃል። ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ የምትወዱትን ደግሞ አሳጥቡ። የእናቴ የ1970ዎቹ ፎቶ ዛሬም አለ፤ የእኔ የመጀመሪያ ስልክ ፎቶዎች ከስልኩ ጋር ሞተዋል።

በቀደም ያንን የፋሲካ ፎቶ አሳጥቤ ለአክስቴ ወሰድኩላት። ፎቶ ቤት ያለው ልጅ ከበስተኋላ ያለውን ሊያጠራው ሞከረ፤ የደበዘዘ ነገር አይጠራም። አክስቴ ግን ተቀብላ መሳቢያዋ ላይ አቆመችው። ከዚያ አውራ ጣቷን ፊቴ ላይ ጭና ሸፈነችኝና አረንጓዴውን ብቻ አየች።

«እንዲህ ሲሆን ይሻላል» አለች።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ ሐውልቱ ሥር ነኝ። መምጣት የፈለገ ይምጣ። ፊት ለፊት መቆም ግን ክልክል ነው።